በአዲስ አበባ ለኪራይ የሚሆን ቤት ከመግዛትዎ በፊት

በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ ቤት ገዢ የሚያገኘው የሕንፃውን ባለቤትነትና በመሬቱ የመጠቀም መብት ነው፤ ስለዚህ በዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት ውጭ ቀድሞ የተገኘ) ይሁን የሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ)፣ የሊዝ ከሆነም ያልተከፈለ ቀሪ ዕዳ መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ።

የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ማየት ብቻውን አይበቃም። ካርታው በሰጠው መሥሪያ ቤት ከማኅደሩ ጋር ተመሳክሮ፣ ቤቱ በባንክ ዋስትና ወይም በፍርድ ቤት እግድ ያልተያዘ መሆኑ በጽሑፍ እስኪረጋገጥ ድረስ ቀብድ አይክፈሉ። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑን ያጣሩ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ይህን ነው፣ ምክንያቱም የተሻረ ውክልና በወረቀቱ ሲታይ ከጸናው አይለይም።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ ስላለበት፣ በሰፈር ምስክሮች ብቻ በተፈረመ ወረቀት ገንዘብዎን አያስረክቡ። ስመ ሀብቱ (በመዝገብ ያለው የባለቤትነት ስም) ወደ እርስዎ እስኪዛወር ድረስም የዋጋው ከፊል በእጅዎ እንዲቆይ በውሉ ውስጥ ያስገቡ።

ገቢውን ሲያሰሉ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ያስቡ፤ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ውሉም በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት።