«ፍቺ እንደ ጣሊያን»ን ስታዩ እንዳትሸወዱ

የፒየትሮ ጄርሚ ጥቁርና ነጭ ኮሜዲ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣ። ለድርሰቱ ኦስካር አግኝቷል። ሲሲሊ ውስጥ የሚኖረው ባሮን ፌፌ ሚስቱ ሮዛሊያ ሰልችታዋለች። ልቡ ያለው ወጣት ዘመዱ አንጄላ ጋ ነው።

ርዕሱን አምናችሁ ፍቺ እንዳትጠብቁ። ያኔ በጣሊያን ሕግ መፋታት አይቻልም ነበር፤ የተፈቀደው በ1970 ነው። ፌፌ ግን ሌላ በር አገኘ።

ትልቁ ስህተት ያን በር ደራሲዎቹ የፈጠሩት ቀልድ አድርጎ ማለፍ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 587 በእርግጥ ነበረ። ሚስቱን፣ ልጁን ወይም እህቱን ከሌላ ወንድ ጋር ደርሶባት በንዴት የገደለ ሰው የሚታሰረው ከ3 እስከ 7 ዓመት ነበር። ክብሩ ተነክቷላ! ሕጉ የሚፈልገው ንዴት ነው፤ ፌፌ ደግሞ ንዴቱን እንደ ዕቁብ ቀስ በቀስ ያጠራቅማል። ለሚስቱ ውሽማ የሚያፈላልግላት ራሱ ነው። ሠዓሊ ቤቱ ያስገባል፣ ቴፕ ደብቆ ወሬያቸውን ይሰማል። ሁለቱ ሲኮበልሉ ከተማው ይሳለቅበታል። አንድ ቀብር ላይ የሠዓሊው ሚስት ሰው ፊት ትተፋበታለች። እሱ በሐሳቡ የጠበቃውን ንግግር እየሰማ ነው፤ ምራቁም ቅጣት ማቅለያ ይሆነዋል። አንቀጹ የተሻረው በ1981 ነው፣ ፊልሙ ከወጣ ከ20 ዓመት በኋላ።

የሮዛሊያን ጢም አይቶ «አይፈረድበትም» የሚልም አይጠፋም። ዳንዬላ ሮካ ቆንጆ ሴት ነበረች፤ ጢሙ የሜካፕ ሥራ ነው። ታሪኩን የሚተርክልን ፌፌ ስለሆነ ሚስቱንም የምናያት በእሱ ዓይን ነው። ፌፌ ሆኖ የሚጫወተው ደግሞ ማርቼሎ ማስትሮያኒ! ፀጉሩን በቅባት ለጥፎ፣ የከንፈሩን ጥግ እየሳበ ጭ ሲያደርግ ማን ይጠላዋል? እኔ ራሴ «በል እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ስለው ነበር። ሊያደርግ የተዘጋጀው ግድያ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው።

«በቃ፣ ተሳካለት» ብላችሁም ሪሞቱን እንዳታነሱ። ገና ጀልባዋ አለች። ፌፌና አንጄላ ፀሐይ ላይ ተጋድመው ይሳሳማሉ። ካሜራው ወደ እግሯ ይወርዳል። እግሯ የጀልባ ነጂውን ጎረምሳ እግር እየነካካ ነው።