ሆል ኦፍ ፌም የሚገባው ማነው? የሬስሊንግ ሙግት እንዴት ይያዛል

ሬስሊንግ የሚወድ ሰው አንድ ቀን እዚህ ሙግት ውስጥ መግባቱ አይቀርም። እገሌ ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቆች የክብር መዝገብ) ይገባዋል፣ እገሌማ በፍፁም፣ ከዛ አንዱ ይጮሃል አንዱ ስድብ ይጀምራል፣ የሆነ ሰው ደግሞ "ባካችሁ ድራማ ላይ ነው እንዴ የምትጣሉት" ብሎ ጥሏቸው ይሄዳል። ድራማ መሆኑንማ፣ አሸናፊው ቀድሞ እንደሚወሰንማ ሁላችንም እናውቃለን፣ እንደውም ሙግቱን የሚያጣፍጠው እሱ ነው፣ ግን ድራማ ስለሆነ ሌላ ስፖርት ላይ የለመድነው አከራከር እዚህ አይሰራም። እና እኔ እንዴት ቢኬድበት ይሻላል የምለውን ልንገራችሁ (አመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና መጀመሪያ "የትኛው ሆል ኦፍ ፌም?" ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ብቻ አይደለማ። ብዙ ሰው የሚያውቀው የትልቁን የአሜሪካ ሬስሊንግ ካምፓኒ የደብልዩ ደብልዩ ኢን ነው፣ በ1993 ተጀመረ፣ የዛ አመት የገባው ብቸኛ ሰው በዛው አመት የሞተው አንድሬ ዘ ጃያንት ነበር፣ ከ1996 በኋላ ተቋርጦ 2004 ላይ እንደገና ተነሳና የሬስልማኒያ (የካምፓኒው ትልቁ አመታዊ ሾው) ሰሞን ድግስ ሆኖ ቀረ። ህንፃ የለውም፣ ሄዳችሁ የምትጎበኙት ነገር የለም፣ የሚመርጠውም ካምፓኒው ራሱ ነው። ስለዚህ ከካምፓኒው ጋር የተኳረፈ ሰው የፈለገውን ያህል ትልቅ ቢሆን ደጅ ይቆያል። ብሩኖ ሳማርቲኖ ያ ሁሉ ስም እያለው የገባው በ2013 ነው፣ ራንዲ ሳቬጅ ደግሞ በ2015፣ ከሞተ ከአራት አመት በኋላ። ዶናልድ ትራምፕ ግን ከብሩኖ ጋር በዛው በ2013 ገብቷል፣ በሴሌብሪቲ በኩል ነው እሺ፣ ግን ገብቷል። እና "ደብልዩ ደብልዩ ኢ አስገብቶታል" ወይም "አላስገባውም" የሚለው ስለ ሰውየው ትልቅነት ብዙም አይነግረንም፣ ስለ ኩርፊያና ስለ ቢዝነስ ነው የሚነግረን።

ሌላው ሬስሊንግ ኦብዘርቨር የሚባለው የዴቭ ሜልዘር ኒውስሌተር በ1996 የጀመረው ነው። እሱ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ጋዜጠኞችም የታሪክ አጥኚዎችም የሙያው ሰዎችም ይመርጣሉ፣ ለመግባት 60 ፐርሰንት ያስፈልጋል፣ ከ10 በታች ያገኘ ደግሞ ከዝርዝሩ ይወጣል። እዛ አንድ የምወደው ነገር አለ፣ እጩዎቹ በአካባቢ ይከፋፈላሉና መራጩ የሚከታተለውን አካባቢ ብቻ ነው የሚመርጠው፣ ስለ ሜክሲኮ የማያውቅ ሰው ሜክሲኮ ላይ አያገባውም። ይሄን ህግ ለራሳችሁም ውሰዱት፣ ግማሹ ንትርክ ወዲያው ይቀንሳል። አሜሪካ አዮዋ ዋተርሉ ውስጥ ያለው የትራጎስና ቴዝ ሆል ኦፍ ፌም ደግሞ በዋናነት የሚፈልገው ፕሮፌሽናል ከመሆኑ በፊት የእውነቱን ትግል የታገለ ሰው ነው፣ እዛ ስለ ማይክ ችሎታ (ማይክ ይዞ ሰው ስለ ማነሳሳት) ብታወሩ ማንም አይሰማችሁም። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ተስማሙ፣ ወይም የራሳችሁን ፍጠሩ፣ በአመት ስንት ሰው እንደሚገባና ስንት ድምፅ እንደሚያስፈልግ ቀድማችሁ ወስኑ። ወንበሩ ካልተገደበ ሁሉም "ይግባ" ይባላል፣ ያኔ ደግሞ ሙግትም የለም።

አሁን ወደ ትልቁ ወጥመድ፣ ቀበቶ። "ስንት ጊዜ ቻምፒዮን ሆኗል?" የሚለው ጥያቄ ከሌላ ስፖርት ተቀድቶ የመጣ ነው። ቦክስ ላይ ቀበቶ ተዋግቶ የተወሰደ ነው፣ እዚህ ግን ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ የሚወስን ሰው አለ። የፊልም ተዋናዩ ዴቪድ አርኬት በ2000 የደብልዩ ሲ ደብልዩ (የደብልዩ ደብልዩ ኢ ተፎካካሪ የነበረ ካምፓኒ) የአለም ቻምፒዮን ተደርጓል፣ ሮዲ ፓይፐር ግን የደብልዩ ደብልዩ ኢን ዋና ቀበቶ አንዴም አልያዘም፣ ጄክ ዘ ስኔክ ሮበርትስ እዛ ቤት ምንም ቀበቶ አላገኘም። አርኬት ከፓይፐር ይበልጣል የሚል ሰው ካለ ሂሳብ ከፍላችሁ ተነሱ። ቁጥሩን ብቻ ካየን ደግሞ ኤጅ 11 ጊዜ የአለም ቻምፒዮን ሆኗል፣ ብሩኖ ሳማርቲኖ ሁለት ጊዜ ብቻ። ግን የብሩኖ ሁለቱ ከ1963 እስከ 1971 እና ከ1973 እስከ 1977 ናቸው፣ ሲደመሩ ወደ 11 አመት! የሪክ ፍሌርን 16 እና ጆን ሲና በ2025 ሬስልማኒያ ላይ የደረሰበትን 17 ጎን ለጎን አስቀምጦ መጨቃጨቅም ያው ነው። ፍሌር በደህናው ዘመኑ ከከተማ ከተማ እየዞረ የየሰፈሩን ጀግና አንድ ሰአት ሙሉ ታግሎ ጀግናውን ትልቅ አስመስሎ ቀበቶውን ይዞ ይወጣ ነበር፣ የሲና ዘመን ደግሞ በየሳምንቱ ቲቪ ነው፣ ቀበቶ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ቀበቶ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም፣ ካምፓኒው ገንዘቡን ማን ላይ እንዳስያዘ ያሳያል። ስለዚህ ቁጥሩን ትታችሁ ለምን ተሰጠው፣ በያዘበት ጊዜስ ምን ሆነ የሚለውን ጠይቁ።

እና በምን እንመዝን? ኦብዘርቨር የሚጠቀምባቸው ሶስቱ ነገሮች እስካሁን ካየሁት ሁሉ ይሻላሉ፣ ሰው መሳብ፣ ሪንግ ውስጥ ያለው ስራ፣ ታሪክ ላይ ያለው ቦታ።

ሰው መሳብ ማለት በሱ ስም ስንት ቲኬት ተሸጠ ነው። እዚህ ላይ ቁጥር ስትጠሩ ተጠንቀቁ፣ ሬስሊንግ ውስጥ ቁጥርም የድራማው አካል ነው። በ1987 ሬስልማኒያ 3 ላይ ሃልክ ሆጋንና አንድሬ ሲገናኙ 93,173 ሰው ገባ ተብሎ እስከዛሬ ይነገራል፣ ሜልዘር ደግሞ 78,000 አካባቢ ነው ይላል። የጎልድበርግ 173 ለ 0 የሚባለው ተከታታይ ድልም መሀል ላይ እንደተነፋ ብዙ ሰው ያውቃል። የኔ ምክር ሁልጊዜ ትንሹን ቁጥር ይዛችሁ ግቡ ነው። 78,000ም እኮ ጉድ ነው! በትንሹ ቁጥር የቆመ ክርክር ማንም አይጥለውም፣ በተነፋው ከመጣችሁ ግን አንዱ ቁጥሩን ያፈርስባችሁና ቀሪው እውነታችሁም አብሮ ይወድቃል።

የሪንግ ስራ ላይ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማየት ነው፣ አቋራጭ የለውም። የሶስት ደቂቃ ሃይላይት አይታችሁ አትምጡ፣ ሃይላይት ላይ ሁሉም ሰው ጀግና ነው። በዛው ሬስልማኒያ 3 ሳቬጅና ሪኪ ስቲምቦት ያደረጉትን፣ በ1997 ሬስልማኒያ 13 ላይ ብሬት ሃርትና ስቶን ኮልድ (ስቲቭ ኦስቲን) ያደረጉትን ሙሉውን እዩ፣ ከዛ ደግሞ ያው ሰውዬ በአንዱ ተራ ምሽት ከደካማ ሰው ጋር የታገለውን ፈልጉ። ጎበዝ ሬስለር የሚለየው እዛ ነው፣ ደካማውን ሰው አደገኛ አስመስሎ ማሳየት ይችላል ወይ? የድሮ ማች ስታዩ ደግሞ ትንሽ ታገሱ፣ ቀስ ያለ ነው ብላችሁ አትጣሉት፣ የዛን ቀን ተመልካች ድምፅ ስሙ፣ አዳራሹ ከተናጋ ስራው ሰርቷል ማለት ነው።

ሶስተኛው ላይ እኔ የምጠቀመው ዘዴ ሰውዬውን ከታሪኩ ማውጣት ነው። እሱ ባይኖር ምን ይጎድላል? ጃፓናዊውን አንቶኒዮ ኢኖኪን አውጡት፣ በ1972 ያቋቋመው ኒው ጃፓን የሚባለው የሬስሊንግ ካምፓኒ አብሮት ይሄዳል፣ በ1976 ቶኪዮ ላይ ከሙሐመድ አሊ ጋር ያደረገው ግጥሚያም ይሄዳል። ግጥሚያው ራሱ በጣም አሰልቺ ነበር፣ ኢኖኪ አብዛኛውን ሰአት መሬት ተኝቶ የአሊን እግር ሲረግጥ ነው የዋለው፣ ግን ዛሬ ኤም ኤም ኤ (ቅይጥ የፍልሚያ ስፖርት) ስንል ከኋላው ከሚጠሩት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ጭምብለኛውን ሬስለርና የፊልም ጀግና ኤል ሳንቶን ከሜክሲኮ ብታወጡት ደግሞ ጭምብል ለብሶ መታገልም ያን ሁሉ ፊልምም ምን እንደሚመስል አላውቅም። ይሄ ዘዴ ከአሜሪካ ውጪ ያሉትን እንዳንረሳም ይረዳል፣ ደብልዩ ደብልዩ ኢን ብቻ እያየ ያደገ ሰው (አብዛኞቻችን ማለት ነው) የ80ዎቹን የጃፓን ሴቶች፣ ቺግሳ ናጋዮና ላዮነስ አስካን ሳያይ ስለ ሴቶች ሬስሊንግ ባይፈርድ ይሻላል።

አጭር ዘመን ወይስ ረጅም የሚለው ላይ መቼም መስማማት የለም፣ ግን የኔን ልናገር። ስቶን ኮልድ 1996 ላይ ኪንግ ኦፍ ዘ ሪንግ የሚባለውን ውድድር ካሸነፈ በኋላ ተነሳ፣ በ1997 አንገቱ ተጎዳ፣ በ2003 ሬስልማኒያ ላይ የመጨረሻውን ታግሎ አቆመ (በ2022 አንድ ምሽት ተመልሷል፣ እሱን ተዉት)። ጫፍ ላይ የቆየው ጥቂት አመት ነው ግን በነዛ አመታት ካምፓኒውን አዙሮታል። ሀያ አመት ሙሉ ጥሩ ሆኖ ማንም ለሱ ብሎ ቲኬት ያልገዛለት ሰው ከሱ እኩል አይቀመጥም። ብዙ መቆየት ሚዛን ላይ ይጨመራል እንጂ ለብቻው አያስገባም።

ከሁሉም ውሃ የማያነሳው ክርክር "ኮኮ ቢ ዌር ከገባ የኔማ ለምን አይገባም" የሚለው ነው። በበቀቀኑ የሚታወቀው ኮኮ ደብልዩ ደብልዩ ኢ ውስጥ በ2009 ገባ፣ ከስቶን ኮልድ ጋር በአንድ ምሽት፣ ከዛ ወዲህ ምስኪኑ የሁሉም ሰው መለኪያ ሆኗል። ሲያዝናና የነበረ ጥሩ ሬስለር ነበር ኧረ፣ ግን በሩን ከገቡት በደካማው ሰው ከለካችሁት በየአመቱ እየሰፋ ይሄዳል። የናንተን ሰው ውጪ ከቀሩት ጎበዞች ጋር አወዳድሩት። ከነሱ ይቀድማል ካላችሁ ያ ክርክር ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የባህሪ ጉዳይ ነው። ክሪስ ቤንዋ በ2003 ኦብዘርቨር ውስጥ ገብቶ ነበር፣ በ2007 ሚስቱንና ልጁን ገድሎ ራሱን አጠፋ፣ ከዛ ይውጣ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ከግማሽ በላይ ይውጣ አለ ግን 60 ፐርሰንት ስላልሞላ ቀረ። ሆጋን ደብልዩ ደብልዩ ኢ ውስጥ በ2005 ገባ፣ በ2015 የዘረኝነት ንግግሩ ሲወጣ ስሙ ከዝርዝሩ ተሰረዘ፣ በ2018 ተመለሰ። ሆል ኦፍ ፌሞቹ ራሳቸው ወጥ የሆነ መልስ የላቸውም ማለት ነው። እናንተ ግን ማንንም በስም ሳትጠሩ በፊት ህጉን አውጡ፣ የምናከብረው ስራውን ነው ወይስ ሰውዬውን፣ ምን ካደረገ ነው የማይገባው፣ የተረጋገጠና ሲወራ የተሰማ ነገር እኩል ይቆጠራል ወይ? ስም ከተጠራ በኋላ ህግ ካወጣችሁ የማትወዱትን ለማባረር ነው የምትጠቀሙበት፣ ለምትወዱት ደግሞ "ዘመኑ ነው" ይባላል። የኔ አቋም? ቤንዋ ይውጣ ባይ ነኝ፣ ማቾቹ ግን ከታሪክ አይፋቁም። ሌላ አይነት ጥያቄ ደግሞ ኦወን ሃርት ነው፣ በ1999 ሾው ላይ ከላይ ሲወርድ ወድቆ ሞተ፣ ባለቤቱም ደብልዩ ደብልዩ ኢ ሆል ኦፍ ፌም እንዲያስገባው አልፈለገችም። ይገባዋል ማለትና ይግባ ማለት ይለያያሉ፣ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ክርክሩ ቀን ላይ ብዙ ህግ አያስፈልግም። አንድ ሰው አንድ እጩ ብቻ ይዞ ይምጣ፣ ሳይቋረጥ አምስት ደቂቃ ያውራ። ከዛ ተቃዋሚው መልስ ከመስጠቱ በፊት የሰማውን በራሱ አፍ ይድገመው፣ ተናጋሪው "አዎ ይሄንን ነው ያልኩት" ካላለ አይቀጥል፣ ይሄ ብቻ ጩኸቱን በግማሽ ይቀንሰዋል። "በልጅነቴ እወደው ነበር" ማለት ይፈቀዳል ግን እንደ ማስረጃ አይቆጠርም። ድምፁን በወረቀት በሚስጥር ስጡ፣ እጅ በማውጣት ከሆነ ሁሉም ጯሂውን እያየ ነው የሚያወጣው። 60 ካልሞላ ስሙ ለሚቀጥለው ዙር ይቆይ፣ ያኔ ግን እጩውን ይዞ የሚቀርበው ዘንድሮ ሲቃወመው የነበረው ሰውዬ ይሁን።