የመስታወቱ ነጭ ነጥብ በአቼቶ ለቀቀ

ድሬዳዋ ውስጥ ውሃ የሚያፈላ ሰው ሁሉ የውሃውን ጠባይ ያውቀዋል፤ ማንቆርቆሪያው ታች ላይ ኖራ የመሰለ ቅርፊት ይጋገራል። ያው ውሃ የመኪናዬን የፊት መስታወት በነጭ ነጥብ ሞልቶት ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ በቀትር ፀሐይ የጋለውን መኪና አጥቤ ሳላደርቅ እተወው ነበር። ውሃው ይተናል፣ ካልሲየሙ ይቀራል።

በሳሙና አሸሁት፣ ምንም። በላምባ ሞከርኩ፣ ሽታው ብቻ ተረፈኝ። ለካ ነጥቡ ቅባት አይደለም፤ ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው ያው ኖራ መሰል ቅርፊት ነው፤ እሱ የሚፈራው ደግሞ አሲድ ነው።

ነጭ አቼቶ ገዛሁ። ማለዳ፣ መስታወቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ አቼቶ የጠጣ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ለጠፍኩበት፤ እንዳይደርቅም ደጋግሜ አራስኩት። ወደ ኮፈኑ ቀለም እንዳይንጠባጠብ ከሥር ፎጣ ደልድያለሁ። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ አሸት አሸት አድርጌ፣ በብዙ ውሃ አለቅልቄ ወዲያው አደረቅኩት። አብዛኛው በአንድ ዙር ለቀቀ፤ የከረመው ሁለት ተጨማሪ ዙር ፈለገ። ጎረቤቴ በብርጭቆ ወረቀት እንድፍቀው መክሮኝ ነበር፤ እንኳን አልሰማሁት!

በሾፌሩ በኩል ጥግ ላይ ሦስት ነጥቦች እስካሁን አሉ። በጥፍር ሲዳሰሱ አይሻክሩም፤ ማዕድኑ ለቆ መስታወቱ ራሱ ተበልቷል ማለት ነው። እነርሱን አቼቶ አይነካቸውም፣ በሴሪየም ኦክሳይድ ዱቄት ማለስለስ ያስፈልጋል። አሁን የማጥበው አመሻሽ ላይ ነው፤ መስታወቱን መጨረሻ ላይ የማለቀልቀው በተጣራ የባትሪ ውሃ (አሲዱን አላልኩም) ነው።