የዋይፋይ የይለፍ ሐረግ አክሰስ ፖይንት ላይ ሲገባ

ሥራውን ከአክሰስ ፖይንቱ (ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው መሣሪያ) ጋር በኔትወርክ ኬብል ተገናኝተው ይጀምሩ። በዋይፋይ ሆነው ከቀየሩ «ሴቭ» እንዳሉ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ አንድ ፊደል ተሳስቶ ከገባ ደግሞ ሪሴት እስከማድረግ ሊያደርስዎት ይችላል።

ብሮውዘር ላይ የመሣሪያውን አድራሻ ይጻፉ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት ማየት ነው። መጀመሪያ የሚጠይቅዎት የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ነው። ይህንና የዋይፋዩን አንድ ካደረጓቸው ዋይፋይ የሰጡት ሰው ሁሉ ሴቲንግዎን መነካካት ይችላል።

በዋየርለስ ሴኪዩሪቲ ሥር ደብሊውፒኤ3 ፐርሰናልን (አዲሱን የዋይፋይ ደህንነት ደረጃ)፣ አሮጌ ፕሪንተር ወይም ስልክ ካለ የቀደመውን ደብሊውፒኤ2ን ኤኢኤስ ከሚባለው የምስጠራ ዘዴ ጋር ይምረጡ። «ኢንተርፕራይዝ» የሚለው የራዲየስ ሰርቨር (የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ማንነት የሚያረጋግጥ ኮምፒውተር) ስለሚፈልግ ይለፉት። ቲኪፕን (አሮጌውን የምስጠራ ዘዴ) ከመረጡ ከደህንነቱ ድክመት ሌላ ፍጥነቱም በሰከንድ 54 ሜጋቢት ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ሐረጉ። በደብሊውፒኤ2 ከ8 እስከ 63 ምልክት ይቀበላል፤ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የተለመዱት ምልክቶች ብቻ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ ሳጥኑ እምቢ ይላል፣ አለበለዚያም የማይገባዎትን ነገር ይመዘግባል። ስምንት ምልክት ዝቅተኛው ነው እንጂ በቂ አይደለም። የማይገናኙ አራት አምስት ቃላት በሰረዝ ቢያያዙ ለመተየብም ለማስታወስም ይቀላሉ። የአማርኛ ቃል በላቲን ሲጻፍ ግን ይጠንቀቁ፦ «ድመት»ን አንዱ በ«አይ» (i) ሌላው በ«ኢ» (e) ይጽፈዋል፤ ስለዚህ በቃል ከመንገር ጽፎ መስጠት ይሻላል። ዜሮና ትልቁ «ኦ»፣ አንድና ትንሹ «ኤል» ባይገቡበት ይመረጣል።

ሲያስገቡ የዓይን ምልክቱን ተጭነው ሐረጉን እያዩ ይተይቡ። ከመልእክት ኮፒ አድርገው ከለጠፉት ጠቋሚውን ወደ መጨረሻው ይውሰዱ፤ ከመጨረሻው ፊደል በኋላ ክፍት ቦታ ካለ ያጥፉት። ክፍት ቦታም እንደ ምልክት ይቆጠራል፣ ለዓይን ግን አይታይም። ስልክም አንዳንዴ የመጀመሪያውን ፊደል በራሱ ትልቅ ያደርገዋል።

በደብሊውፒኤ2 ሐረጉ ራሱ ቁልፍ አይደለም። መሣሪያው ከኔትወርኩ ስም ጋር ቀላቅሎ 4096 ጊዜ ያሰላውና ባለ 256 ቢት ቁልፍ ያወጣበታል። ስሙ ከተቀየረ ቁልፉም ይቀየራል ማለት ነው። በአንድ ስም የሚሠሩ ሁለት አክሰስ ፖይንቶች ካሉዎት ስሙም፣ ሐረጉም፣ የሴኪዩሪቲ ዓይነቱም አንድ ይሁን።

ከመውጣትዎ በፊት ደብሊውፒኤስን (ሐረግ ሳይተየብ በአዝራር ወይም በፒን የሚያገናኘውን) ያጥፉት። ባለ ስምንት አሃዙ ፒን በሁለት ተከፍሎ ስለሚረጋገጥ ሰብሮ ለሚገባ ሰው ቢበዛ 11,000 ሙከራ ይበቃዋል፤ ሐረግዎ 63 ምልክት ቢሆንም አያድንዎትም።

ሴቭ ካደረጉ በኋላ በአንድ ስልክ ብቻ ይሞክሩ፦ የድሮውን ኔትወርክ «ፎርጌት» ብለው እንደ አዲስ ይግቡ። ሐረጉ ትክክል ሆኖ አሮጌ መሣሪያ አሁንም «ፓስወርድ ተሳስቷል» ካለ፣ ብዙ ጊዜ ደብሊውፒኤ3ን ስለማያውቅ ነው። ስልኩ ከገባ በኋላ ወደ ፕሪንተሩና ወደ ካሜራው ይሂዱ።