የሆቴል እንግሊዝኛ እንዴት ይለመዳል? ከሰዓቱ ጀምሩ

ሪሴፕሽን ላይ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንድ የውጭ እንግዳ ወደ ክፍሉ ሊወጣ ሲል «ዌክ ሚ አፕ አት ሲክስ» አለኝ። ጠዋት በረራ ነበረው። መዝገቡ ላይ «ክፍል 304፣ 6 ሰዓት ይቀስቀስ» ብዬ ጻፍኩና ለማታ ተረኛው አስረክቤ ወጣሁ። ተረኛው የአገሬ ሰው ነው፣ ያነበበውም እንደ አገሬ ሰው ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ደወለለት። ሰውየው ለባብሶ፣ ሻንጣውን ጎትቶ ወርዶ፣ ሎቢው ውስጥ የተሰቀለውን ሰዓት አይቶ ተመለሰ። ጠዋት ሲሄድ ምንም አልተናገረኝም። ያ ድካም የሞላበት ፊቱ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሠራተኛ ሳሠለጥን በቃላት ዝርዝር አልጀምርም። ቃሉንማ አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ሪሴፕሽን፣ ሻወር፣ ላውንደሪ፣ ቡፌ በየቀኑ አፋችን ላይ ናቸው። የሚያስቸግረን የእኛ አነጋገርና የእንግሊዝኛው የሚጋጩበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ጊዜ ስጡ።

1. ሰዓትና ቀን

ከእኛ ሰዓት ላይ 6 ደምሩ ወይም ቀንሱ። ከንጋቱ 12 ሰዓት «ሲክስ ኤ ኤም» ነው። ቀን 6 ሰዓት «ኑን» ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ደግሞ «ሚድናይት»። እንግዳ ክፍል የሚረከበው ብዙ ጊዜ ከ8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ይህ «ቱ ፒ ኤም» ይባላል። የሚለቀው ደግሞ 5 ወይም 6 ሰዓት ላይ፣ «ኢለቨን» ወይም «ኑን»። መዝገብ ላይ ስትጽፉ «ጠዋት» ወይም «ሌሊት» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። ለእንግዳውም መልሳችሁ ንገሩት፦ «ሲክስ ኢን ዘ ሞርኒንግ፣ ራይት?»

ከሰዓቱ የባሰው ቀኑ ነው። ለፈረንጅ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ለእኛ ግን ሌሊቱ እስኪነጋ ድረስ ያው የትናንቱ ሌሊት ነው። አንድ እንግዳ ኦክቶበር 15 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቦሌ ያርፋል እንበል። ክፍሉን ለ15 ብላችሁ ከያዛችሁለት፣ የሚረከበው በ15 ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ሰውየው 12 ሰዓት ሙሉ ሎቢ ሶፋ ላይ ሊቀመጥ ነው ማለት ነው። ለእሱ መያዝ የነበረበት የ14ቱ ሌሊት ነው። ስለዚህ ቦታ ሲያስይዝ ሌሊቱን ጠይቁት፦ «ፎር ዊች ናይት?» ይህቺ አንዲት ጥያቄ ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች። ቀን በቁጥር ብቻ አትጻፉ። 5/6 ለአሜሪካዊ ሜይ 6 ነው፣ ለእንግሊዛዊ ደግሞ ጁን 5። የወሩን ስም በፊደል ጻፉት።

2. «አልጋ» የምንለውን ለዩ

እኛ ሆቴል ገብተን «አልጋ አለ?» ስንል ክፍል ማለታችን ነው። ያንን ወደ እንግሊዝኛ «ቤድ» ብለን ስናዞረው ነገሩ ይዛባል። «ዊ ሃቭ ቱ ቤድስ» ያላችሁት እንግዳ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አልጋ ይጠብቃል እንጂ ሁለት ባዶ ክፍል አይታየውም። ክፍል «ሩም» ነው፣ በቃ። «ደብል» አንድ ሰፊ አልጋ ያለው፣ «ትዊን» ሁለት የተለያዩ አልጋዎች ያሉት ክፍል ነው። ለሥራ የመጡ ሁለት ባልደረቦችን ደብል ክፍል መስጠት ሁሉንም ያሳፍራል። ትልቁን ባለ ሳሎን ክፍል ደግሞ «ስዊት» በሉት። «ሱት» ካላችሁ ሙሉ ልብስ ይሆናል።

ፎቅም እንደዚሁ ነው። የእኛ አንደኛ ፎቅ ለእንግሊዛዊም አንደኛ ነው። ለአሜሪካዊ ግን ሁለተኛ ነው፣ ምክንያቱም እሱ ከምድር ቤቱ ጀምሮ ይቆጥራል። በፎቅ ከመጠቆም የክፍሉን ቁጥር መናገር ይሻላል። 205 ሲሆን «ቱ ኦ ፋይቭ» ይባላል፣ ዜሮዋ «ኦ» ትሆናለች። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ»ን በስልክ ከሰማችሁ ቁጥሩን አንድ በአንድ አስደግሙ፦ «ዋን ፋይቭ፣ ኦር ፋይቭ ዜሮ?»

3. አክብሮቱን ወደ እንግሊዝኛ አሻግሩ

እኔ ከሁሉም አስበልጬ የማየው ይህን ነው። አማርኛ አክብሮቱን ግሱ ውስጥ ይዟል። «ፓስፖርትዎን ይስጡኝ» ስንል ጨዋ ነን፣ «ይስጡኝ» ውስጥ «እርስዎ» አለ። እንግሊዝኛ ግን ለትንሹም ለትልቁም «ዩ» ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ያንኑ ቃል በቃል «ጊቭ ሚ ዩር ፓስፖርት» ስንለው አክብሮቱ መንገድ ላይ ይቀራል። እንግዳው የሚሰማው «ፓስፖርትህን አምጣ» ነው። ስንት ትሑት ልጅ በዚህ ምክንያት ባለጌ ተብሏል!

መፍትሔው «ሜይ አይ»፣ «ኩድ ዩ» እና «ዉድ ዩ ላይክ» ናቸው። «ሜይ አይ ሃቭ ዩር ፓስፖርት፣ ፕሊዝ?» «ኩድ ዩ ሳይን ሂር፣ ፕሊዝ?» «ዉድ ዩ ላይክ ኤ ዌክ አፕ ኮል?» እነዚህን ሦስት መጀመሪያዎች አፋችሁ እስኪለምዳቸው ደጋግሟቸው። የቀረው ቃል ይተካል።

ስምም አለ። እኛ «አቶ» ብለን የራሱን ስም እንጠራለን። ፈረንጁ ግን «ሚስተር» ሲባል የሚጠብቀው የቤተሰቡን ስም ነው። ጆን ስሚዝ ከሆነ «ሚስተር ስሚዝ» በሉት እንጂ «ሚስተር ጆን» አትበሉት።

«አዎ»ም ጣጣ አላት። እንግዳው «ዩ ዶንት ሃቭ ታወልስ?» ቢላችሁና ፎጣ ከሌለ፣ በአማርኛ «አዎ፣ የለም» ይባላል። በእንግሊዝኛ ግን «የስ» ያላችሁት እንደሆነ አለ ማለት ነው። «ኖ፣ ዊ ዶንት» በሉ፤ ከዚያ «ባት አይ ዊል ብሪንግ ሳም» ብላችሁ አምጡለት። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እ» የምንላትንም ብዙ የውጭ እንግዳ አያውቃትም። በተለይ ስልክ ላይ እንግዳው የደነገጣችሁ ይመስለዋል።

4. ቤታችሁን ክፍል 101 አድርጉት

ለጽዳት ክፍል ወይም ወደ ዱባይና ዶሃ ሆቴሎች ለሥራ ለምትሄዱ ይህ በጣም ይጠቅማችኋል። ትናንሽ ወረቀት ቁረጡና የራሳችሁ መኝታ ቤት ዕቃ ላይ ለጥፉ። ትራስ «ፒሎው»፣ የትራስ ልብስ «ፒሎውኬዝ»፣ ብርድ ልብስ «ብላንኬት»፣ መጋረጃ «ከርተን»፣ የልብስ መስቀያ «ሃንገር»፣ ፎጣ «ታወል»። አንሶላ «ሺት» ነው፤ ድምፁን ሳብ አድርጋችሁ አውጡት። «ሽት» ብላችሁ ካሳጠራችሁት ነውር የሆነ ስድብ ይሆናል። ይህን በእንግዳ ፊት ከምትማሩት አሁን ብትሰሙት ይሻላል።

አልጋ ስታነጥፉ የምታደርጉትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «አይ አም ቼንጂንግ ዘ ሺትስ።» እጅ እየሠራ የተነገረ ቃል አይረሳም። ደብተር ላይ 20 ጊዜ ከተጻፈው ይልቅ ይቆያል።

የክፍል ሁኔታ ወረቀት ላይ የሚሰፍሩ ምሕጻረ ቃላትም አሉ። «ዲ ኤን ዲ» አትረብሹኝ ማለት ነው፤ በሩን አትንኩ። «ቪ ዲ» እንግዳው ለቋል፣ ግን አልጸዳም። «ቪ ሲ» ባዶና ንጹሕ። «ኦ ኦ ኦ» የተበላሸ ነገር ስላለ ለእንግዳ አይሰጥም። በሩ ላይ «ሜክ አፕ ሩም» የሚል ካርድ ካያችሁ ደግሞ ክፍሉን አጽዱልኝ ማለት ነው፣ ከኩል ጋር አይገናኝም።

5. ሒሳብ

ይህ አጭር ነው። «ዲፖዚት» ቀብድ፣ «ሪሲት» ደረሰኝ ነው። «ሪሲት» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «ፒ» አለችው፣ ስትናገሩ ግን አትነሣም። «ኮምፕሊመንታሪ» ነፃ ማለት ነው፣ ውኃውን ወይም ቁርሱን በዚህ ቃል ስትነግሩት እንግዳው ደስ ይለዋል። «ሃፍ ቦርድ» ቁርስና አንድ ምግብ፣ ብዙ ጊዜ እራት፣ «ፉል ቦርድ» ሦስቱንም ያካትታል።

6. በሩን አንኳኩ

በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ሰው እንግዳ ይሁን፣ አንዱ ሠራተኛ፣ ከዚያ ተቀያየሩ። ስልካችሁ ላይ ቅዱትና መልሳችሁ አድምጡት። ለመጀመሪያው ቀን ከራሳችሁ መኝታ ቤት ውጭ ቁሙ። በሩን አንኳኩና «ሃውስኪፒንግ» በሉ። ጠብቁ። ደግማችሁ አንኳኩና ድገሙት። አሁንም ዝም ከሆነ በሩን ጥቂት ገርበብ አድርጋችሁ ለሦስተኛ ጊዜ «ሃውስኪፒንግ፣ ሜይ አይ ካም ኢን?» በሉ። ውስጥ ያለው ወንድማችሁ «ካም ባክ ሌተር፣ ፕሊዝ» ካለ «ሰርተንሊ፣ ዋት ታይም?» ብላችሁ ጠይቁት። «ፎር» ካላችሁ 10 ሰዓት ብላችሁ ጻፉ።