የታይሮይድ ክኒን የሚወስዱ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

የታይሮይድ ሆርሞን አንሷችሁ ሊቮታይሮክሲን (ሆርሞኑን የሚተካ ክኒን) ታዞላችኋል፤ ወራት ወስዳችሁም ድካሙ፣ ብርድ ብርድ ማለቱና የሆድ ድርቀቱ አልለቅ ብሏል። መጠኑ ይጨመርልኝ ከማለታችሁ በፊት አወሳሰዳችሁን ፈትሹ።

ትልቁ ስህተት ከቡና ጋር መዋጥ ነው። ቡና መድኃኒቱ በአንጀት በኩል በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል፤ ወተትም እንዲሁ። እንደ ሐዋሳ ባለ የቡና አገር ጧት ቡናው ሲፈላ ክኒኑም አብሮ መውረዱ አይገርምም። ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቡናና ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዋጣል። ካልሲየም፣ የደም ማነስ (አይረን) ክኒንና የጨጓራ አሲድ ማብረጃ ከሱ 4 ሰዓት ይራቁ። ጧት የማይመቸው ሰው ከእራት 3 ሰዓት ቆይቶ፣ ሊተኛ ሲል ይውሰደው። በጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃ ለማይቀምስም ይኸው ይሻላል፤ ለጾም ተብሎ መድኃኒት አይቋረጥም።

ሲሻል መተው ሌላው ነው። መድኃኒቱ ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ያቋረጠ ሰው ለጊዜው ምንም አይሰማውምና ዳንኩ ይላል። መጠን ሲቀየርም ቲኤስኤች (የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ደም ውስጥ ከፍ የሚል ሌላ ሆርሞን) የሚለካው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ላቦራቶሪ መሮጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ለፀጉርና ለጥፍር ባዮቲን የምትወስዱ ከደም ምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት አቁሙ፣ ውጤቱን ያዛባል።

አረጋውያን ላይ ስህተቱ በሁለት በኩል ነው። መርሳትና መዝለፍለፍ ሁሉ «እርጅና ነው» ተብሎ ሳይመረመር ይቀራል። በተቃራኒው፣ ቲኤስኤች በዕድሜ በጥቂቱ ከፍ ማለቱ የተለመደ ሆኖ ሳለ፣ ለዚያች ብቻ መድኃኒት ይጀመራል። ለጉልበት ወይም ለመክሳት ብሎ መጠን መጨመርማ አደጋ ነው፤ የልብ ምት ይዛባል፣ በተለይ ያረጡ ሴቶች አጥንት ይሳሳል።

ክኒኑን እየወሰደች ያረገዘች ሴት ቀጠሮዋን አትጠብቅ። የሆርሞን ፍላጎቷ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ስለሚጨምር፣ ማርገዟን እንዳወቀች ለሐኪሟ ትናገር።