አሮጌ ስፒከር ከመጣሉ በፊት፦ ስፖንጁን፣ ካፓሲተሩንና ሳጥኑን በትንሽ ብር ማደስ

ደብረ ማርቆስ ሆነ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም ሆነ ዳንግላ፣ ሳሎን ጥግ ቆሞ የአበባ ማስቀመጫ የሆነ ትልቅ የእንጨት ስፒከር ማየት ብርቅ አይደለም። «ተቃጥሏል» ይባላል። ሲከፈት ግን ብዙውን ጊዜ ኮይሉ (ማግኔቱ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል) ደህና ነው፤ ያለቀው ድምፁን በሚያወጣው ወረቀት ዙሪያ ያለው ስፖንጅ ነው፣ ወይም የቱዊተሩ (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ካፓሲተር ደርቋል። ስለዚህ ቫርኒሽ ከመግዛታችሁ በፊት መርምሩ።

ምርመራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉ፣ ቪቴዎቹን ፍቱና ስፒከሩን ከሳጥኑ አውጡ። ካቻቢቴውን ግን ከማግኔቱ አርቁ፤ ድንገት ተስቦ ወረቀቱን የሚበሳው እሱ ነው። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ለኩ፦ 8 ኦም የተጻፈበት ከ6 እስከ 7፣ 4 ኦም የተጻፈበት ከ3 እስከ 3.5 አካባቢ ካሳየ ኮይሉ ጤነኛ ነው። ምንም ካላሳየ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ ከስፒከሩ የሽቦ ማያያዣ እግር ወደ ወረቀቱ የምትሄደው የተጎነጎነች ሽቦ ተበጥሳ ይሆናል፣ እሷ በሶልደር ትመለሳለች። ቀጥሎ በሁለቱ አውራ ጣቶች ወረቀቱን ከግራና ከቀኝ እኩል ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉ። አሸዋ የሚፈጭ ዓይነት ድምፅ ከተሰማ ኮይሉ ብረቱን እየነካ ነው።

አሁን ስፖንጁን በጣት ንኩት። ፖሊዩሪቴን ስፖንጅ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ሲኖር ከ15 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል፣ ስፒከሩ ባይሠራም እንኳ። አንዱ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል፣ ሌላው እንደ ሬንጅ ጣት ላይ ይጣበቃል። ዙሪያው ጎማ ወይም ጨርቅ ከሆነ ግን አትንኩት፤ እነሱ ብዙ ይቆያሉ።

ምትክ ስፖንጅ ከአዲስ አበባ ስታስመጡ «8 ኢንች ነው» ብቻ አትበሉ። አራት ልኬት በሚሊሜትር ጽፋችሁ ላኩ፦ የስፖንጁ የውጭ ጠርዝ፣ የብረቱ ፍሬም የውስጥ ክፍተት፣ የጉብታው ስፋትና የወረቀቱ ዲያሜትር። 3 ሚሊሜትር ስህተት ኮይሉን ወደ ጎን ይገፋል። ስፖንጅ ከጠፋ ከሞተ ተመሳሳይ ስፒከር ላይ የጎማውን ጠርዝ መውሰድ ይቻላል። ስስ የበግ ቆዳ ቆርጦ የሚለጥፍም አለ፤ ይሠራል፣ ግን ከስፖንጅ ስለሚጠነክር የከበሮው ድምፅ ይሳሳል።

አሮጌውን ስፖንጅ ባልተሳለ ቢላዋ ፋቁ፣ ቅሪቱን ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል በጥጥ አጽዱ። አረቄ አይሆንም፤ ውሃ ስለሚበዛበት ወረቀቱን ያረጥበዋል፤ ሌላ ጥቅም አለው።

ሥራው የሚበላሸው ኮይሉን መሐል ማድረግ ላይ ነው። ወረቀቱ መሐል ያለውን ጉልላት በአዲስ ምላጭ ዙሪያውን ቁረጡ፣ በአንድ ጎን ግን ትንሽ ቦታ ሳትቆርጡ ተዉ፤ እንደ መዝጊያ ይከፈታል። ከአሮጌ የራጅ ፊልም 7 ሚሊሜትር ስፋትና 5 ሳንቲሜትር ርዝመት ያላቸው አራት ቁራጮች አዘጋጁና በኮይሉና በመሐሉ ብረት መካከል በአራቱም አቅጣጫ እኩል አስገቡ። ልል ከሆነ ላዩ ላይ ስስ ወረቀት ደርቡ፣ ከጠበቀ ፊልሙን በወረቀት ተኩ። ክፍተቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ካለ የሚጣበቅ ፕላስተር አጥፋችሁ እያስገባችሁ አውጡ፤ ሲነፋ አይወጣም፣ ማግኔቱ ይዞታል።

መጀመሪያ ስፖንጁን ወረቀቱ ላይ በነጭ የእንጨት ኮላ ስስ አድርጋችሁ ለጥፉ። ማስቲሽ ወዲያው ስለሚይዝ ማስተካከያ ጊዜ አይሰጥም። ወረቀቱ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ነጩ ኮላ አይዝም፣ ያኔ ማስቲሽ ግድ ነው፤ መስኮት ክፈቱ፣ በስሱም ቀቡ፤ ሲበዛ ስፖንጁን ሊጎዳ ይችላል። ከአራት ሰዓት በኋላ የውጭውን ጠርዝ ብረቱ ላይ ለጥፉ፤ ብረቱን ቀድማችሁ በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ አድርጉት። ዙሪያውን በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። 24 ሰዓት ጠብቁ፣ በክረምት ሁለት ቀን፤ የደብረ ማርቆስ ብርድና ጉም ኮላ ቶሎ አያደርቅም፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ወረቀቱን ያጣምማል። ከዚያ ፊልሞቹን አውጡ፣ ደግማችሁ ገፋ አድርጋችሁ አዳምጡ፣ ዝም ካለ ጉልላቱን መልሱ።

ወደ ካፓሲተሩ። የክሮስኦቨሩ (ድምፁን ለትልቁና ለትንሹ ስፒከር የሚያከፋፍለው ሰሌዳ) ትናንሽ ሲሊንደሮች በእርጅና ይደርቃሉ፤ ቱዊተሩ ይደክማል፣ የማሲንቆው ጭራ ክሩን ሲያሽ የሚሰማው ጥርት ያለ ድምፅ ይጠፋል። ላዩ ላይ የተጻፈውን ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር መጠን መለኪያ) ሳትለውጡ ተኩ። ፖላሪቲ የሌለው (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ እግሩ ያልተለየ) ካጣችሁ፣ ሁለት ባለ 10 ማይክሮፋራድ ተራ ካፓሲተሮችን ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ጋር ብታያይዙ 5 ይሆናል። የተሻለውና ርካሹ መንገድ ግን የቬንትሌተር ካፓሲተር ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ በቀላሉ ይገኛል። ፊልም ነው፣ አይደርቅም፣ ቮልቴጁም ከበቂ በላይ ነው። ጎን ለጎን ሲያያዙ ይደመራሉ፦ 2.5 እና 2 አንድ ላይ 4.5 ይሰጣሉ፣ 4.7 ለሚፈልግ ይበቃል። ቀስ እያለ ከሚዞር አሮጌ ቬንትሌተር ግን አትውሰዱ፤ ብዙ ጊዜ የዘገየው ካፓሲተሩ ስለደከመ ነው። የቬንትሌተሩ ካፓሲተር ትልቅ ስለሆነ በፕላስቲክ ማሰሪያ የሳጥኑ ግድግዳ ላይ አጥብቁት። ተተክቶ ድምፁ ጆሮ ከወጋ፣ 1 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ወደ ቱዊተሩ በሚሄደው መስመር ላይ ቀጥሉ። የሁለቱንም ሳጥን በአንድ ቀን ለውጡ፣ አለበለዚያ ግራና ቀኙ ይለያያል።

ሳጥኑ ላይ ብዙ አትድከሙ። መሬት ላይ ቆሞ ከታች ያበጠ ችፑድ ካለ ነጭ ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ አጠጡትና በሞርሳ ጨምቁት፤ የጎደለውን በኮላ የተለወሰ ደቃቅ ሰጋቱራ ይሙላው። በሁለቱ ጎኖች መካከል 3 በ3 ሳንቲሜትር የዋንዛ እንጨት በኮላ ወጥሩ፤ ከቫርኒሽ ይልቅ ድምፁን የሚለውጠው ይህ ነው። ውስጡ የነበረው ጥጥ ከበሰበሰ በደንብ የታጠበና የደረቀ የበግ ፀጉር ላላ አድርጋችሁ መልሱ፣ የሳጥኑን የአየር ቱቦ ሳትደፍኑ። በቱቦው አይጥ ገብታ ሽቦ ስለምትቆርጥ ከውስጥ በኩል የሽቦ ወንፊት ለጥፉበት።

ከመዝጋታችሁ በፊት 1.5 ቮልት ባትሪ ዉፈሩ (ትልቁ ስፒከር) እግሮች ላይ ለቅጽበት ንኩ። ወረቀቱ ወደ ፊት ከዘለለ፣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው እግር ቀዩ ነው። ምልክት አድርጉበት። የአንዱ ሳጥን ሽቦ ከተገለበጠ ሁለቱ ስፒከሮች እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ከበሮውም ይጠፋል። ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ይሁን። ሳጥኑን ከመሬት 40 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። የሚንቀጠቀጥ ነገር ከሰማችሁ ስፒከሩን ደግማችሁ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ሰው ጣሪያው ሥር አቁሙ፤ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው የቆርቆሮው ሚስማር ነው።